ምዕራፍ ሰባት፦ መልክ የማይመሰክርለት ዝምድና

በብዙ የአማራ ገጠር ጋብቻ ሲታሰብ የሁለቱ ወገን አዋቂዎች ቁጭ ብለው ሰባት ቤት ይቆጥራሉ። አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት፣ ምንዥላት እያሉ ወደ ላይ ይወጣሉ። ልጁና ልጅቷ በመልክ ተመሳሰሉም አልተመሳሰሉም ለቆጣሪዎቹ ቁም ነገር አይደለም። የሚፈልጉት የሁለቱ የጋራ አባት ስንተኛው ቤት ላይ እንደሚገኝ ነው። መንታ የሚመስሉ ሁለት ሰዎች ፈጽሞ ባዕድ ሆነው ይገኛሉ፤ በቁመትም በቀለምም የማይገናኙ ሁለት ሰዎች ደግሞ በአራተኛው ቤት ይገጥማሉ።

በምዕራፍ ሦስት ዲኤንኤ የሕያዋን ሁሉ የትውልድ መዝገብ መሆኑን አይተናል። ሁለት ፍጥረታት ከጋራ አባታቸው ተለያይተው በቆዩ ቁጥር በመዝገባቸው መካከል ያለው ልዩነት እየበዛ ይሄዳል። የሳይንስ ሰባት ቤት ቆጠራ ይኸው ነው። በምዕራፍ ስድስት ከእርሾ እስከ ጅብ ጥላ ያሉትን ፈንገሶች ስንመለከት ደግሞ ዝልግልግ ሻጋታ የሚባሉትን ለይተን አውጥተን ቦታቸው ሌላ ነው ብለን አልፈናቸው ነበር። አሁን ተራቸው ደርሷል። አሜባዎችም አብረዋቸው ይመጣሉ፤ አንዱን ከሌላው ነጥሎ ማስረዳት አይቻልምና።

የዚህ ምዕራፍ ጉዳይ አንድ ነው፦ አሜባ መሆን የኑሮ ዘይቤ ነው፤ የአንድ ዘር መለያ አይደለም። ከተለያየ ቤት የመጡ ፍጥረታት በየዘመኑ ወደዚያው ኑሮ ገብተዋል። ብቻቸውን ይኖሩ የነበሩ ሕዋሳት ተሰብስበው አንድ አካል የመሆናቸው ነገርም እንዲሁ በብዙ ቤት፣ አንዱ ከሌላው ሳይወርስ ተፈጥሯል። (በዚህ መጽሐፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የሚፈስ ገላ

በ1755 ጀርመናዊው ሠዓሊና የነፍሳት ተመራማሪ አውጉስት ዮሐን ሮዘል ፎን ሮዘንሆፍ በማይክሮስኮፕ ያያትን አንዲት ጠብታ መሳይ ፍጡር ሥሎ አሳተመ። ባያት ቁጥር ሌላ ቅርጽ ይዛ ስላገኛት፣ በግሪኮች ተረት መልኩን እንደፈለገ በሚቀያይረው የባሕር አምላክ ስም «ትንሹ ፕሮቴዎስ» አላት። ከዚያ በፊት አሜባን አይቶ እንዲህ አብራርቶ ያስቀረ ሰው አይታወቅም።

አሜባ አንድ ሕዋስ ነው። አፍ የለውም፣ እግር የለውም፣ ፊትና ጀርባውም የተወሰነ አይደለም። መሄድ ሲፈልግ የገላውን አንድ ወገን ወደፊት ይገፋል፤ የቀረው ገላ ተከትሎ ይፈስሳል። ይህን ጊዜያዊ ጉብታ ባለሙያዎች ሐሰተኛ እግር ይሉታል። ከውስጥ የሚገፋው አክቲን የሚባል ፕሮቲን ነው። የአክቲን ቅንጣቶች ከፊት በኩል እየተቀጣጠሉ ክር ይሆናሉ፤ ክሮቹ ሲረዝሙ ስሱን የሕዋስ ሽፋን ወደፊት ይወጥሩታል፤ ከኋላ ደግሞ ሌላ ፕሮቲን ክሮቹን እየጎተተ ገላውን ያኮማትራል። አሜባው የሚበላውም በዚሁ መንገድ ነው። ባክቴሪያ ሲያገኝ በገላው ይከበዋል፤ የከበበው ገላ ይጋጠምና ባክቴሪያው በከረጢት ውስጥ እንደተዘጋበት ይቀራል፤ እዚያው ይፈጫል።

አክቲን በእኛም ገላ አለ። ነጭ የደም ሕዋሳት ቁስል ውስጥ የገባ ባክቴሪያ የሚያሳድዱትና የሚውጡት ልክ እንደ አሜባ እየፈሰሱ ነው። ይህ መመሳሰል በሰው ጤና ላይ ጣጣ አምጥቷል። በ1976 በፊላደልፊያ በተደረገ የቀድሞ ወታደሮች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተነሣው ገዳይ የሳንባ ምች ሌጂዮኔላ ከሚባል ባክቴሪያ የመጣ ነበር። ኋላ እንደታወቀው ሌጂዮኔላ በውኃ ውስጥ አሜባዎች ሲውጡት አይፈጭም፤ በሆዳቸው ውስጥ ይራባል። አሜባን የረታበት ዘዴ በሳንባችን ያሉትን ዋጭ ሕዋሳት ለመርታትም በቃው። ስለዚህ የአሜባን ኑሮ ማወቅ የራሳችንን ገላ ማወቅም ነው።

መልክ ቆጣሪዎችና ዘር ቆጣሪዎች

ለሁለት መቶ ዓመት ያህል ሊቃውንት አሜባዎችን የመደቡት በመልካቸው ነበር። በሐሰተኛ እግር የሚሄድ ሁሉ አንድ ወገን ተባለ፤ ከኩሬው ፕሮቴዎስ ጀምሮ የኖራ ዛጎል ሠርተው በባሕር እስከሚኖሩት ፎራሚኒፌራዎች ድረስ። ዝልግልግ ሻጋታዎች ደግሞ በበሰበሰ እንጨት ላይ ዘንግና ቆብ አብቅለው ስፖር፣ ማለትም እንደ ዘር የሚያገለግል ብናኝ ስለሚበትኑ ለእንጉዳይ አጥኚዎች ተሰጡ። ጀርመናዊው አንቶን ደ ባሪ በ1850ዎቹ መጨረሻ የስፖሩን አበቃቀል በማይክሮስኮፕ ሲከታተል ከፈንገስ የሚጠበቀውን ክር አላገኘም። ከእያንዳንዱ ስፖር የሚወጣው የሚዋኝ ወይም የሚሳብ እርቃን ሕዋስ ነበር። ከዚያ ወዲያ ደ ባሪ እነዚህን ፍጥረታት ከፈንገስ ይልቅ ወደ እንስሳት አስጠጋቸው። የእንጉዳይ መጻሕፍት ግን ከዚያም በኋላ ለመቶ ዓመት ሊለቋቸው አልፈለጉም።

ክርክሩን የቆረጠው የዲኤንኤ ንባብ ነው። በ1997 ሳንድራ ባልዳውፍና ፎርድ ዱሊትል ባሳተሙት ጥናት ዋና ዋናዎቹ ዝልግልግ ሻጋታዎች በአንድ ቤት እንደሚገናኙ፣ ያ ቤትም ለእንስሳትና ለፈንገሶች ጎረቤት እንደሆነ አሳዩ። ይህ ታላቅ ቤት ዛሬ አሜቦዞዋ ይባላል፤ ፕሮቴዎስም ሌሎች ብዙ አሜባዎችም እዚያው ናቸው። ጥንታዊ ቤት ነው። በአሜሪካ ግራንድ ካንየን ድንጋይ ውስጥ የተገኙ፣ ከ700 ሚሊዮን ዓመት በላይ ያስቆጠሩ የእንስራ ቅርጽ ያላቸው ጥቃቅን ቅሪቶች ዛሬም ዛጎል ለብሰው በረግረግ የሚኖሩ አሜባዎችን ይመስላሉ፤ ተመራማሪዎችም ብዙዎቹን በዚሁ ቤት ይቆጥሯቸዋል።

ከቆጠራው የወጣው ውጤት ለብዙ ሰው ይከብዳል። እንጉዳይ ከዝልግልግ ሻጋታ ይልቅ ለሰው ይቀርባል። ፎራሚኒፌራዎች ራይዛሪያ የሚባል ራሱን የቻለ ሩቅ ቤት ናቸው። የጊዛ ፒራሚዶች በተሠሩበት የኖራ ድንጋይ ውስጥ እንደ ሳንቲም ክብ ሆነው የሚታዩት ቅሪቶች የነዚሁ የፎራሚኒፌራ ዛጎሎች ናቸው፤ እያንዳንዱን የሠራው አንድ ሕዋስ ነው። በሞቀ ጨው አልባ ውኃ ውስጥ የሚኖረውና በአፍንጫ ገብቶ አልፎ አልፎ አንጎል የሚያጠቃው ናይግለሪያ ደግሞ ከሁሉም የባሰ ባዕድ ነው። በማይክሮስኮፕ ሥር ሲሳብ ያየው ሰው የፕሮቴዎስ ታናሽ ወንድም ነው ብሎ ይምላል። ነገር ግን ፕሮቴዎስ ከናይግለሪያ ይልቅ ለሰው ይቀርባል። የፕሮቴዎስንና የናይግለሪያን የጋራ አባት ለማግኘት እምብርት (ኒውክሊየስ) ያላቸው ሕዋሳት ሁሉ ወደሚገናኙበት ግንድ ሥር መውረድ ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር እንዳይቀላቀል እፈልጋለሁ። አክቲን የሚባለው መሣሪያ በውርስ የመጣ ነው፤ እኛም፣ ፕሮቴዎስም፣ ናይግለሪያም ከዚያ ከጥንቱ ግንድ ተቀብለነዋል። መሣሪያውን ተጠቅሞ በአሜባነት መኖር ግን የየቤቱ ጉዳይ ነው። አንዳንዱ ይዞት ቆየ፤ አንዳንዱ ጅራፍ መሳይ ጭራ ይዞ መዋኘትን መረጠ። ናይግለሪያ ሁለቱንም አጣምሯል፤ ንጹሕ ውኃ ውስጥ ሲገባ በአንድ ሰዓት ገደማ ጭራ አብቅሎ ይዋኛል፣ ኋላም ጭራውን ትቶ ወደ መሳብ ይመለሳል። አንዳንዱ ቤት ደግሞ፣ እንደ ዕፅዋት፣ ሕዋሱን በግድግዳ አጥሮ መሳቡን ጭራሽ ተወ። እንዲህ ባለ ታሪክ ውስጥ መልክ ብቻ ምስክር ሊሆን አይችልም።

ሲርባቸው የሚሰበሰቡት

በ1933 አሜሪካዊው ኬነዝ ሬፐር በሰሜን ካሮላይና ደን ከረገፈ ቅጠል መካከል አንድ ፍጡር ለይቶ አወጣ። ስሙ ዲክቲዮስቴሊየም ዲስኮይዲየም ነው፤ ከዚህ በኋላ ዲክቲ እንበለው። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ባሉ ቤተ ሙከራዎች ይህን ያህል የተጠና ዝልግልግ ሻጋታ የለም። በ2005 የታተመው የዘረመል መዝገቡ 12,500 ያህል ዘረመሎች እንዳሉት ያሳያል፤ ለአንድ ሕዋስ ፍጡር ብዙ ነው። ለምን ይህን ያህል እንደሚያስፈልገው ኑሮውን ስናይ ይገባናል።

ዲክቲ በምቾት ጊዜ በአፈር ውስጥ ብቻውን የሚሳብ ተራ አሜባ ነው። ባክቴሪያ ይበላል፣ በየጥቂቱ ሰዓት ለሁለት ይከፈላል፣ ከጎረቤቱ ጋር ጉዳይ የለውም። ምግቡ ሲያልቅ ግን ጠባዩ ይለወጣል። የተራበው ሕዋስ ሳይክሊክ ኤኤምፒ የሚባል ኬሚካል ይረጫል። በአካባቢው ያለ ሌላ የተራበ ሕዋስ ኬሚካሉን ሲያገኝ ወደመጣበት ይሳባል፤ እሱም በተራው ያንኑ ኬሚካል ይረጫል። እንዲህ ጥሪው ከአንዱ ወደ አንዱ እየተላለፈ በየስድስት ደቂቃው ገደማ አንድ ማዕበል በሕዋሳቱ መካከል ያልፋል። በቤተ ሙከራ ሳሕን ላይ ማዕበሉ እንደ ክብና እንደ ጥምዝምዝ መስመር ሆኖ በዓይን ይታያል።

ይህን ጥሪ ያረጋገጠው የፕሪንስተኑ ጆን ታይለር ቦነር ነው። ያን ጊዜ ሕዋሳቱ የሚሳሳቡት በምን እንደሆነ አልታወቀም ነበር፤ በመነካካት ነው የሚልም፣ በጨረር ነው የሚልም ነበር። ቦነር በ1947 ባወጣው ጥናት የሚሰበሰቡትን ሕዋሳት በቀስታ በሚፈስ ውኃ ሥር አደረጋቸው። ከማዕከሉ በታች፣ ውኃው በሚሄድበት ወገን ያሉት ሕዋሳት ጥሪውን አግኝተው መጡ፤ ከማዕከሉ በላይ ያሉት ምንም እንዳልተፈጠረ ቀሩ። ጥሪው በውኃ የሚወሰድ ነገር መሆኑ በዚህ ተረጋገጠ። ከዚህ ይበልጥ ቀላልና ከዚህ ይበልጥ አሳማኝ የሆነ ሙከራ በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ብዙ አላገኘሁም። ኬሚካሉ ምን እንደሆነ የታወቀው ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በ1967 ነው። ይኸው ኬሚካል በእኛ ሕዋሳት ውስጥ አድሬናሊን ያመጣውን መልእክት ወደ ውስጥ የሚያስተላልፍ ነው።

የተሰበሰቡት ሕዋሳት እስከ መቶ ሺህ ይደርሳሉ። ተደራርበው ክምር ይሆናሉ፤ ክምሩ ይወድቅና ከሁለት እስከ አራት ሚሊ ሜትር የሚረዝም ትል መሳይ አካል ሆኖ ይሳባል። ይህ አካል አንጎል የለውም፤ ሆኖም ወደ ብርሃንና ወደ ሙቀት ያመራል። በውስጡ የሥራ ክፍፍል አለ። በ2007 የታተመ ጥናት እንዳሳየው አንዳንድ ሕዋሳት በትሉ ውስጥ እየተዘዋወሩ ባክቴሪያና መርዝ ይለቅማሉ፤ የለቀሙትን ይዘው ከኋላ ተንጠባጥበው ይቀራሉ፣ ትሉም ጸድቶ ይሄዳል።

ምቹ ቦታ ሲደርስ ትሉ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ከሕዋሳቱ አምስት አንዱ ያህል ውኃ ቋጥረው፣ በጠንካራ ግድግዳ ተለብጠው ይሞታሉ፤ ዘንጉ የሚሠራው በነሱ ሬሳ ነው። የቀሩት በዘንጉ ላይ ወጥተው ጫፉ ላይ ስፖር ይሆናሉ። ከረኃቡ መጀመሪያ እስከዚህ ድረስ አንድ ቀን ያህል ይወስዳል። ሲያልፍ የነካው ነፍሳት ወይም ትል ስፖሮቹን ምግብ ወዳለበት ያደርሳቸዋል።

ዘንግ ሆኖ የሚሞተው ማን ነው? ጥያቄው ቀልድ አይደለም። ሕዋሳቱ የአንድ እናት ልጆች ከሆኑ የሚሞተው ሕዋስ ዘረመሉ በወንድሞቹ ይቀጥላል። ነገር ግን በአንድ እፍኝ አፈር ውስጥ የተለያየ ዘር ያላቸው ዲክቲዎች አብረው ይኖራሉ፤ ጥሪው ሲነፋም ሁሉም ይመጣሉ። ጆአን ስትራስማን፣ ዴቪድ ኬለርና ባልደረቦቻቸው በ2000 ባሳተሙት ጥናት ከተፈጥሮ የተወሰዱ የተለያዩ ዘሮች ሲደባለቁ አንዳንዱ ዘር ከድርሻው በላይ ወደ ስፖር እንደሚገባ፣ የዘንጉን ዕዳም ለሌላው እንደሚተው አሳዩ። ለዚህ መድኃኒቱ ዘመድን ማወቅ ነው። ዲክቲዎች በሽፋናቸው ላይ እንደ ቁልፍና ጓጉንቸር የሚገጣጠሙ ሁለት ፕሮቲኖች አሏቸው፤ ፕሮቲኖቹ ከዘር ዘር በብዙ ይለያያሉ፤ የሚገጥሙት አብረው ይሄዳሉ፣ የማይገጥሙት ይለያያሉ። አሜባዎቹም በራሳቸው መንገድ ዘር ይቆጥራሉ ማለት ነው።

ስለ ዲክቲ ሌላም ሊነገር የሚገባው አለ። በ2011 በታተመ ጥናት ከተፈጥሮ ከተወሰዱት ዘሮች ሲሶው ያህል ባክቴሪያውን ሁሉ ሳይበላ የተወሰነውን በስፖሩ መካከል ይዞ እንደሚሄድና አዲሱ ቦታ ላይ እንደሚዘራው ታወቀ። ዘር ማስቀረት፣ ይዞ መሰደድ፣ ደርሶ መዝራት የአንድ ሕዋስ ፍጡር ሥራ ይሆናል ብሎ የጠበቀ አልነበረም።

አንድ ሕዋስ፣ አእላፍ እምብርት

ሌላው የዝልግልግ ሻጋታ ወገን ይህን ሁሉ ስብሰባ አያውቅም። ፋይሳረም የሚባለውን እንውሰድ። ሁለት ሕዋሳት ይገናኙና አንድ ይሆናሉ፤ ከዚያ የሕዋሱ እምብርት ለሁለት፣ ለአራት፣ ለስምንት ይከፈላል፤ ሕዋሱ ራሱ ግን አይከፈልም። ውጤቱ ሚሊዮን እምብርት በአንድ ሽፋን ውስጥ የያዘ፣ ቢጫ፣ መረብ መሳይ፣ በዓይን የሚታይ አንድ ሕዋስ ነው። በመረቡ ቧንቧዎች ውስጥ ፈሳሹ ወደፊት ይሄዳል፣ ቆም ይላል፣ ወደኋላ ይመለሳል፤ በአጉሊ መነጽር ሲታይ ይህ ምልልስ ዓይን ይይዛል። ምግብ የያዘው ወገን ያለው ቧንቧ ብዙ ስለሚፈስበት ይወፍራል፤ ጥቂት የሚፈስበት ይሰልላል፣ ኋላም ይጠፋል።

በዚህች አንዲት ሕግ ፋይሳረም የሚያስገርም ሥራ ይሠራል። ቶሺዩኪ ናካጋኪና ባልደረቦቹ በ2000 እንዳሳዩት ጥምዝምዝ መንገዶች ባሉበት ሣጥን ሁለት ጫፍ ላይ ምግብ ሲቀመጥለት የማይረቡትን መንገዶች ትቶ በአጭሩ መንገድ አንድ ወፍራም ቧንቧ ያስቀራል። በ2010 ደግሞ የጃፓን ተመራማሪዎች ከእንግሊዝ ባልደረቦቻቸው ጋር በቶኪዮና በአካባቢዋ ባሉ 36 ከተሞች አቀማመጥ የአጃ ቅንጣት አስቀመጡለት። ፋይሳረም ከአንድ ቀን ጥቂት ባለፈ ጊዜ የዘረጋው መረብ በርዝመቱም፣ አንዱ መስመር ቢቆረጥ በሌላ በመዞር አቅሙም ከቶኪዮ የባቡር መስመር ጋር የሚወዳደር ሆነ። ይህን «ማሰብ» ማለት እኔ አልወድም፤ ሥራው ግን የማሰብን ያህል ክብር ይገባዋል።

የፋይሳረም ዘመዶች አንድ ሺህ ያህል ዝርያ ይሆናሉ። ፉሊጎ የሚባለው ቢጫ ዝርያ በብዙ የዓለም ክፍል ይገኛል፤ በ1973 በቴክሳስ በዳላስ አቅራቢያ በአንድ ግቢ እየሰፋ ሲሄድ ሰዎች ከሌላ ዓለም የመጣ መስሏቸው ደንግጠው ነበር። መቶ ሚሊዮን ዓመት ገደማ ባስቆጠረ የበርማ ሙጫ ድንጋይ ውስጥ የተገኘው ስቴሞኒቲስ ከዛሬዎቹ የሚለየው በጥቂቱ ነው። ጃፓናዊው ሚናካታ ኩማጉሱ በ1929 ለንጉሠ ነገሥት ሂሮሂቶ 110 ናሙና ያበረከተው በካራሜላ ካርቶን አድርጎ ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱም ራሳቸው የነዚህ ፍጥረታት አጥኚ ነበሩ። በክረምት በደን የወደቀና የበሰበሰ ግንድ አጠገብ የሚያልፍ ሰው ጎንበስ ብሎ ቢመለከት ቢጫ ወይም ነጭ መረብ፣ ወይም የመርፌ ጫፍ የሚያካክሉ ቆቦች ሊያገኝ ይችላል።

አንድ ብልሃት በብዙ ቤት

ወደ ዲክቲ ብልሃት እንመለስ። ተርቦ መሰብሰብ፣ ዘንግ ማቆም፣ ስፖር መበተን። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ ይህን የሚያደርግ ሁሉ በአንድ ስም ተጠቃልሎ ነበር። ቆጠራው ሲደረግ ግን ተበተኑ። አክራሲስ የናይግለሪያ ዘመድ ሆኖ ተገኘ። ፎንቲኩላ ከእንስሳትና ከፈንገስ ወገን፣ በተለይ ለፈንገስ የቀረበ ሆነ። በከብት እበት ላይ የሚገኘው ጉቱሊኖፕሲስ በ2012 ከፎራሚኒፌራዎች ቤት መሆኑ ታወቀ። ሶሮጄና ጭራሽ አሜባ አይደለም፤ በጥቃቅን ጸጉሮች የሚዋኙት የፓራሚሲየም ወገን ነው። ሶሮዲፕሎፍሪስ የቡናማ ባሕር አልጌዎች ዘመድ ነው። ሁሉም ያው ዘንግ፣ ያው ቆብ፣ ያው ብናኝ አላቸው። አንዱም ከሌላው አልወረሰውም።

ለምን ይህን ያህል ጊዜ? በእኔ አስተያየት መልሱ ችግሩና መሣሪያው በየቤቱ አንድ መሆናቸው ላይ ነው። በአፈርና በእበት ላይ የሚኖር ጥቃቅን ፍጡር ምግቡ በድንገት ያልቅበታል፤ ርቆ መሳብ ደግሞ አይችልም። አንድ ሚሊ ሜትር ከፍ ማለት ግን በሚያልፍ ነፍሳት አካል ላይ ለመንጠልጠል ይበቃል። መሳብና እርስ በርስ መጣበቅ የሚችል ሕዋስ ለዚህ የሚያስፈልገውን አብዛኛውን ነገር አስቀድሞ ይዟል። የቀረው በአንድ ጊዜ መምጣት ነው።

በዚህ መንገድ ከሄዱት አንዱም ግን ዝሆን ወይም ዋርካ አልሆነም፤ አብዛኞቹ ከጥቂት ሚሊ ሜትር አላለፉም። እንስሳና ዕፅዋት የሚጀምሩት ከአንድ ሕዋስ ነው፤ በገላቸው ያለው ሕዋስ ሁሉ የዚያ የአንዱ ልጅ ስለሆነ የአንዱ ሞት የሌላው ጉዳት አይሆንም። ተሰብሳቢዎቹ ግን ከየትም መጥተው ይገጣጠማሉ፤ የዘንጉን ዕዳ የሚሸሽ ባዕድ ሁልጊዜ ሊኖር ይችላል። አካሉ በገዘፈና በቆየ ቁጥር የሸሺው ጥቅም ይጨምራል። በትልቅ አካልና በትንሽ አካል መካከል ያለው ድንበር እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ሕዋሳቱ ምን ያህል ዘመዳሞች እንደሆኑ።

በአንጀት ውስጥ ያለው ዘመድ

ለኢትዮጵያውያን አሜባ የሚለው ቃል ከኩሬም ከደንም በፊት የሚያስታውሰው ሆድ ሕመምን ነው። ኤንታሚባ ሂስቶሊቲካ የሚባለውን ይህን አሜባ በ1875 በሴንት ፒተርስበርግ ደም ቀላቅሎ ከሚያስቀምጠው ሕመምተኛ ሰገራ ውስጥ ያገኘው ሐኪሙ ፊዮዶር ሌሽ ነው። ቤቱ አሜቦዞዋ ሲሆን፣ በዚያ ቤት ውስጥም ከዝልግልግ ሻጋታዎች ጋር የሚቀራረብ ቅርንጫፍ ነው። ኦክስጅን በማይደርስበት አንጀት ስለሚኖር በሌሎች ሕዋሳት በኦክስጅን ኃይል የሚያመነጨውን ማይቶኮንድሪያ አጥቷል፤ የቀረው እንጥፍጣፊ ብቻ ነው። ሊቃውንት በአንድ ወቅት ይህን ጉድለት አይተው ገና ማይቶኮንድሪያ ያልነበራቸው የጥንት ፍጥረታት ቅሪት መስሏቸው ነበር። ቆጠራው ግን ከባለ ጠጋ ቤት የወጣና ያለውን የጣለ መሆኑን አሳየ። በ2014 በታተመ ጥናት ደግሞ የሰውን ሕዋስ ሳይሞት እየገነጠለ እንደሚበላ ታውቋል።

ይህ አሜባ ፍጹም የሚመስለው ወንድም አለው። ፈረንሳዊው ኤሚል ብሩምፕት በ1925 አንዱ የሚያሳምም፣ ሌላው የማያሳምም ሁለት ዝርያ እንዳለ ተናገረ፤ የማያሳምመውን ኤንታሚባ ዲስፓር አለው። በማይክሮስኮፕ የሚለያቸው ስላልነበረ ብዙዎች አልተቀበሉትም። በ1993 የኬሚስትሪና የዘረመል ማስረጃው ተሰብስቦ ሁለቱ በይፋ ተለዩ። በ1997 በዓለም የጤና ድርጅት ጥሪ የተሰበሰቡ ባለሙያዎች በማይክሮስኮፕ ብቻ የታየ አሜባ የሁለቱም ስም አብሮ እንዲጻፍበት፣ የሕመም ምልክት የሌለው ሰውም የትኛው እንደሆነ ሳይታወቅ በመድኃኒት እንዳይታከም መከሩ። ቀይ የደም ሕዋስ የዋጠ አሜባ ሲታይ የሚያሳምመው ለመሆኑ ጠንካራ ምልክት ነው። ከዚያ ውጭ የሚለያቸው የፕሮቲን ወይም የዲኤንኤ ምርመራ ነው።

ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ያለበት ሰው ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ይሂድ። ሕመም ሳይሰማዎ ለሌላ ጉዳይ በተደረገ ምርመራ «አሜባ» የሚል ወረቀት ቢሰጥዎ ግን፣ መድኃኒቱን ከመግዛትዎ በፊት የትኛው አሜባ እንደሆነ ሐኪምዎን ይጠይቁ።